«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

በአዲስ አበባ ከተማ ባለጉዳይን ከመስኮት ላይ የሚመልሱ ሁለት ቃላት አሉ፤ እነርሱም «ሲስተም የለም» የሚሉት ናቸው። ሰውየው ከጀሞ ወይም ከሐና ማርያም ታክሲ ለዋውጦ ይመጣል፤ ወረፋ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ እነዚህን ሁለት ቃላት ሰምቶ ይመለሳል። መብራት ጠፋ ቢሉት መቼ እንደሚመጣ ይጠይቅ ነበር፤ ኃላፊው የሉም ቢሉት የት እንደ ሄዱ ይጠይቅ ነበር፤ ሲስተም የለም ሲሉት ግን እንደ ድርቅና እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ነገር መስሎት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አንገት መድፋት መቃወም ነው። ሲስተም የለም የሚባለው ነገር አንድ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች የወል ስም ነው። ከእነዚህም መካከል አንዱን፣ ተራ የሆነውንና ብዙ መዝገብ የሚያጠፋውን መርጠን እንናገራለን። እርሱም በዊንዶውስ፣ በቢሮ ፕሮግራሞች (ማለት በአክሰስና በኤክሴል)፣ እንዲሁም በመካከላቸው ቆሞ መዝገቡን በሚያነበው ድራይቨር ዘንድ የሚፈጠረው አለመግባባት ነው። ጓደኞቻችን ይህን አይተው «የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገለብጡ እንለምናለን፤ ነገሩ ከቁጥር ይልቅ የቋንቋና የትርጕም ነገር ነውና።

ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ነው። ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋ በነፋስ ላይ መልእክት ከሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። የቀድሞ ሰዎች ድምፅ ያለ ሽቦ ሲሻገር ሰምተው ተደነቁ፤ ሰፈሩንም በዚያው ጠሩት። ዛሬ በዚሁ ሰፈር፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው መነጋገር አቅቷቸው ሰው ሲጉላላ እናያለን። በነፋስ የተላከው መልእክት ሲደርስ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለው ለምን ይቀራል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ መዝገብ በኮምፒዩተር ሲቀመጥ ሦስት ወገኖች ይኖራሉ። የመጀመሪያው መዝገቡ ራሱ ነው፤ ይኸውም ስም፣ የቤት ቁጥርና የተከፈለ ገንዘብ በሠንጠረዥ ተደርድሮ የሚገኝበት ፋይል ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ፊት ለፊት የሚያየው ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ ወርኃዊ ሒሳብ የሚያወጣው ኤክሴል። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ድራይቨር ነው። ድራይቨርን በአማርኛ «ነጂ» ከማለት «አስተርጓሚ» ማለት ይሻላል፤ ሥራው ፕሮግራሙ የጠየቀውን በመዝገቡ ቋንቋ መናገር፣ መዝገቡ የመለሰውንም ለፕሮግራሙ ማሰማት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ኦዲቢሲ የተባለውን የአጠያየቅ ሥርዓት ሲያወጣ ዓላማው ይኸው ነበር፤ ተገቢው አስተርጓሚ እስካለ ድረስ ማንኛውም ፕሮግራም ማንኛውንም ዳታቤዝ በአንድ ዓይነት አጠያየቅ እንዲያነጋግር ነው።

አሁን ችግሩ የት ላይ እንደሚነሣ በፍርድ ቤት እንመስለው። ተከራካሪው የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ አስተርጓሚ ይቆምለታል። አስተርጓሚው ሊቅ ቢሆንም በሌላ ችሎት ተቀምጦ ከሆነ ግን ምን ይጠቅማል? በኮምፒዩተር ውስጥ 32 ቢትና 64 ቢት የሚባሉ ሁለት ችሎቶች አሉ። የሁለቱም ፕሮግራሞች በአንድ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን 64 ቢት የሆነው ፕሮግራም 32 ቢት የሆነውን አስተርጓሚ ወደ ራሱ ችሎት ሊያስገባው አይችልም፤ 32 ቢቱም የ64ቱን እንዲሁ። አስተርጓሚው ተጭኗል፤ በማሽኑ ውስጥም አለ፤ ነገር ግን በሌላው ክፍል ነው። ፕሮግራሙም በራሱ ክፍል ፈልጎ ሲያጣው «ፕሮቫይደሩ በዚህ ማሽን ላይ አልተመዘገበም» የሚል የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ያወጣል። ይህን ዐረፍተ ነገር ያየው ሠራተኛ ነው እንግዲህ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ሲስተም የለም» የሚለው።

አሳሳቹ ነገር ደግሞ ስሙ ነው። በ64 ቢቱ ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም 32» የሚባለው ፎልደር የያዘው የ64 ቢቱን ዕቃ ነው፤ «ሲስዋው 64» የሚባለው ደግሞ የ32 ቢቱን። ስሙ ወዲህ፣ ግብሩ ወዲያ! የኦዲቢሲ ማስተካከያውም ሁለት ነው፤ አንዱ ለ32፣ አንዱ ለ64። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በስማቸው ላይ ቢታቸው ተጽፎባቸዋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ግን አንዱን ከሌላው መለየት ለባለሙያም ያስቸግር ነበር። በአንዱ ያስመዘገቡት መዝገብ በሌላው ላይታይ ስለሚችል ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል።

ይህ ችግር በእኛ ዘመን ለምን በዛ ቢሉ መልሱ በጥቂት ዓመታት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። አሮጌው የአክሰስ መዝገብ፣ ማለት መጨረሻው «ኤምዲቢ» የሆነው ፋይል፣ ይነበብ የነበረው ጄት በሚባል ሞተር ነው፤ ጄት 4 ደግሞ በ64 ቢት አልተሠራለትም። ከኦፊስ 2007 ጋር «ኤሲሲዲቢ» የተባለ አዲስ የፋይል ዓይነትና ኤስ የተባለ አዲስ ሞተር መጣ። ኦፊስ 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ዓይነት፣ በ32ና በ64 ቢት፣ ወጣ። አክሰስ 2013 በአክሰስ 97 የተሠሩትን ፋይሎች መክፈት አቆመ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ኦፊስ ሲጫን ጫኙ ለይቶ ካልመረጠ በቀር የሚጫነው 64 ቢቱ ነው። ዊንዶውስም በበኩሉ ይሸኛል፤ የኤክስፒ ጥገና እ.ኤ.አ. በ2014፣ የዊንዶውስ 7 በ2020፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ከዚህ የምንረዳው የመሣሪያው ዕድሜ ዐሥር ዓመት ቢሆን የሰው መዝገብ ዕድሜ ግን የሰው ዕድሜ መሆኑን ነው። በጽሕፈት መኪና የተመታ የዛሬ ስልሳ ዓመት ደብዳቤ ዛሬም ይነበባል። ይህች በማባዣ የምትወጣው መጽሔታችን እንኳ ለመነበብ ብርሃንና ዓይን እንጂ ድራይቨር አያስፈልጋትም። በ2001 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተመዘገበው ግን በ2018 ዓ.ም. ሲከፈት እምቢ ይላል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ተጽፎ ሳለ ሊከፈት ያልቻለውስ ከወዴት ይመደባል?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በክፍለ ከተማችን ካለ አንድ እድር ያየነውን እንናገር። የእድሩ አባላት ዝርዝር ለረጅም ዘመን በወፍራም መዝገብ ይጻፍ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. አንድ የአባል ልጅ በአክሰስ 2003 ወደ ኮምፒዩተር አገባላቸው፤ ወርኃዊውን መዋጮ የሚደምረውንም ኤክሴል ከዚያው ጋር አያያዘላቸው። ልጁ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ያለ ችግር ብዙ ዓመት አገለገለ። በቅርቡ አሮጌው ማሽን ሲያረጅ አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ገዙ፤ ፋይሎቹም በፍላሽ ተገለበጡ። አዲሱ ማሽን 64 ቢት ነው፤ ኦፊሱም 64 ቢት ነው። ኤክሴሉ ሲከፈት ጄት 4ን ፈለገ፤ አጣው፤ አልተመዘገበም አለ።

በዚያው ሳምንት ጡሩንባ ተነፋ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የእድሩን ገንዘብ ለመቀበል መጡ። የእድሩ ደንብ መዋጮው እስከ ምን ወር እንደ ተከፈለ ተረጋግጦ ነው ገንዘብ የሚወጣው፤ ማረጋገጫው ደግሞ ያለው በማይከፈተው ፋይል ውስጥ ነው። ጸሐፊው ሽማግሌ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው «እትዬ፣ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ» አሉ። ያዳኗቸው እኒያ እናት ራሳቸው ናቸው፤ ደረሰኞቹን በሙሉ በመሶብ ክዳን ሥር አጣጥፈው አስቀምጠዋቸው ኖሯል። ደረሰኝ ባያስቀምጡስ ኖሮ? ሦስት ቀን ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛ ተቀምጦ፣ ስለ ሁለት የኮምፒዩተር ችሎቶች አለመግባባት ማን ሊያስረዳ ይቻለው ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ የከተማችን የተለመደ ታሪክ ነው። ማሽኑ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ተወሰደ። ባለሱቁ በመጀመሪያ 32 ቢቱን አስተርጓሚ ሊጭን ሞከረ፤ መጫኛው 64 ቢት ኦፊስ ስላለ አልጫንም አለው። ቀጥሎም «ፎርማት ይደረግና ሁሉም እንደ ገና ይጻፍ» የሚል ምክር ሰጠ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንደሚባለው ነው! ፎርማት ማለት ዲስኩን መደምሰስ ነው። በሽተኛው ራሱን ስላመመው ራሱን ቁረጡት እንደ ማለት ይቈጠራል። ደግነቱ ጸሐፊው ፍላሹን በኪሳቸው ይዘው ነበር። በመጨረሻ መድኃኒቱ የተገኘው በኤክሴሉ የመገናኛ መስመር ውስጥ ነው፤ «ጄት 4» የሚለው ስም ወጥቶ «ኤስ 12» የሚለው ሲገባ፣ በ64ቱ ችሎት ያለው አስተርጓሚ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። አንድ መስመር! ለዚህ አንድ መስመር ሲባል የእድር መዝገብ ሊደመሰስ ተቃርቦ ነበር።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ሲከፈት ሁለተኛ ችግር ተገለጠ፤ ይህኛው የእኛው የኢትዮጵያውያን ነው። በስም ዓምድ ሥር የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ነበር። የዚህም ምክንያት ይታወቃል። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ አብሮት መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከዋለው ቪስታ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አገር ወዳድ ባለሙያዎች ፊደላችንን ከኮምፒዩተር ጋር ለማስተዋወቅ ብዙ ደክመዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የተጠቀሙበት ዘዴ ግን ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ የግእዝን መልክ መሣል ነበር። ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ ሆኖ ቦታው ጠባብ ስለ ነበረ አንዳንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አደረገው፤ እያንዳንዱ ሠሪም የራሱን አደራደር ተከተለ። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ብዙ ሰው በለመደው አጻጻፍ ቀጠለ። እንግዲህ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ «ከበደ» ከበደ ሆኖ አይታይም። ለኮምፒዩተሩ ከበደ ቀድሞም ከበደ አልነበረም፤ የላቲን ምልክቶች ጥርቅም ነበር። በፊደል ተራ ደርድርልኝ ቢሉትም ሀሁን ትቶ በላቲኑ ተራ ይደረድራል።

ሦስተኛው ችግር የዘመን አቈጣጠራችን ነው። አክሰስ የቀን ዓምድ ሲሰጠው የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር 30/2 ብለን ብንጽፍለት፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አይቀበለውም፤ ይህ እንኳ በግልጽ እምቢ ስለሚል ጥሩ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ጳጉሜን 3ን 3/13/2001 ብለን ብናስገባ፣ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ቀኑንና ወሩን አዙሮ 13/3/2001 ያደርገዋል። እኛም ስናነበው ኅዳር 13 ይሆንብናል! ጳጉሜን ላይ እድር የገባ አባል በመዝገብ ከዘጠኝ ወር በላይ ቀድሞ የገባ ሆኖ ይገኛል። አስተርጓሚው የማያውቀውን ቃል «አላውቀውም» ከማለት በመሰለው ቢተረጉም የሚያስከትለው ጉዳት ይህን ይመስላል።

የትርጕምና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህን ሲሰማ ባዕድ ነገር ነው ሊል ይችላልን? በክፍል ውስጥ የምንማረው ይህንኑ አይደለምን? ቃል ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ይጠፋል፣ ምን ይዛባል፣ ተርጓሚውስ ምን ኃላፊነት አለበት የሚለው የእኛ ጥያቄ ነው። የታሪክ ተማሪዎችማ ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡበት ይገባል፤ የነገ የታሪክ ምንጭ የዛሬ የወረዳ፣ የእድርና የትምህርት ቤት ፋይል ነውና። የአንድ ገዳም ብራና አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ ሲነበብ፣ የአንድ ሰፈር የሠላሳ ዓመት ታሪክ በአስተርጓሚ እጦት ቢቀር ተወቃሹ ማን ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻ ጽፈን እንዳንተወው፣ ማንኛውም ተማሪ ሊያደርገው የሚችለውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

1ኛ፤ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ፋይሉ በሁለት ቦታ ይገልበጥ። ሥራው በግልባጩ ላይ ብቻ ይሁን። «ፎርማት» የሚለው ቃል ከተነሣ ግልባጩ በሌላ ማሽን ላይ መከፈቱ በዓይን እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም ሰው ማሽኑን እንዳይነካ ይከልከል።

2ኛ፤ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ መልሳቸውም በወረቀት ይጻፍ። ዊንዶውሱ ስንት ቢት ነው? ኦፊሱ ስንት ቢት ነው? ፋይሉ በየትኛው አክሰስ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ይቆማል፤ አስተርጓሚውን የሚመርጠው ግን የዊንዶውሱ ቢት ሳይሆን መዝገቡን የሚጠራው ፕሮግራም ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 32 ቢት ኦፊስ ካለ የሚያስፈልገው 32 ቢት አስተርጓሚ ነው።

3ኛ፤ ማሽኑ ያወጣው የስሕተት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ይገልበጥ፤ በስልክም ፎቶ ይነሣ። «አልተመዘገበም» የሚለውና «የድራይቨሩና የፕሮግራሙ አርክቴክቸር አይጣጣምም» የሚለው አስተርጓሚው እንደሌለ ወይም በሌላው ችሎት እንዳለ ያመለክታሉ። «ይህን ፋይል በቀድሞ እትም የተሠራ ስለሆነ መክፈት አይቻልም» የሚለው ግን የፋይሉ እርጅና ነው። የአክሰስ 97 ፋይል ከሆነ አክሰስ 2003፣ 2007 ወይም 2010 ያለበት ማሽን ተፈልጎ ወደ አዲሱ ዓይነት ይለወጥ። ሊኑክስ ለሚጠቀሙም ኤምዲቢ ቱልስ የተባለ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ እነዚህን አሮጌ ፋይሎች የሚያነብ መሣሪያ አለ። ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ መርፌ መውጋት አይገባም።

4ኛ፤ መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቅጂው ያለ ድራይቨር በሚነበብ ተራ ጽሑፍ፣ ማለት በሲኤስቪ፣ ይውጣ። በዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያሻል። አክሰስ ጽሑፍ ሲያወጣ የፊደሉን ዓይነት ካልመረጡለት በዩኒኮድ የተጻፈውን ግእዝ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። በማውጫው መስኮት ላይ «ዩቲኤፍ-8» የሚለው መመረጥ አለበት። ትርምስምስ ያለ ፊደል ፎንቱ ወይም መለወጫው ከተገኘ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ግን ከዚያ ቅጂ ላይ ለዘላለም ጠፍቷል፤ «ከበደ»ም «አልማዝ»ም እኩል የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናሉና። የወጣውም ፋይል በኤክሴል ሲከፈት በእጥፍ መታ ሳይሆን በማስገቢያው መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 ተመርጦ ይከፈት።

5ኛ፤ በድሮ ፎንት የተጻፈው ስም ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ቀኑም በሦስት ዓምድ፣ ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ፣ በቁጥር ይቀመጥ። ያን ጊዜ ጳጉሜን ጳጉሜን ሆና ትኖራለች። በመጨረሻም ማን እንደ ሠራው፣ በምን እንደ ሠራው፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ ከማኅተሙ ጋር በካዝና ይቀመጥ።

እነዚህን ሐሳቦች ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ስናነሣ ሦስት ተቃውሞ ሰምተናል። አንደኛው «ዘመኑ አልፏል፤ ዛሬ ሁሉም በኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አዲሱ መዝገብ ወደዚያ እየሄደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂም መንግሥት ወደዚያ መጓዝ እንደ ፈለገ ያሳያል። ነገር ግን አሮጌው መዝገብ በራሱ እግር ተነሥቶ አይሄድም፤ አንብቦ የሚያሻግረው ይፈልጋል። ድልድዩ ሲሠራ ከወንዙ ወዲያ የቀረ ሰው እንዳለ መርሳት የለብንም።

ሁለተኛው «አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ከላይ እንዳየነው ግን የእድሩን ችግር ያመጣው አዲሱ ግዢ ራሱ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ሳይጠይቁ ማሽን መለወጥ ዕዳ ማምጣት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ስለሆነ በአክብሮት እንመልሳለን። «የሰው መዝገብ በተማሪ ፍላሽ መዞር የለበትም፤ ምስጢር ነው» ይላል። ትክክል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከአዋጁም በፊት ቢሆን የጎረቤትን ገመና መጠበቅ የአገራችን ጨዋነት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ በባለመዝገቡ ቤት፣ በባለመዝገቡ ማሽን ላይ፣ ከባለመዝገቡ ኃላፊዎች አንዱ ባሉበት ይደረግ እንላለን። ፋይል ወደ ቤት ይዞ መሄድ፣ በቴሌግራም መላላክ ፈጽሞ አይገባም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ግልጋሎት አማካይነት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ያስተምሩ ነበር። እኛ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አልጠየቅንም። የምንጠይቀው በወር አንድ ቅዳሜ ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ካሉት ሰፈሮች፣ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከመካኒሳ፣ ከጎፋና ከላፍቶ፣ ፈቃደኛ የሆኑ እድሮችንና የሰፈር ማኅበራትን ይመዝግብ፤ ከኮምፒዩተር ሳይንስ አንድ፣ ከአርትስ ፋኩልቲ አንድ እያደረገ ጥንድ ጥንድ ይላክ። አንዱ አስተርጓሚውን ሲያስተካክል ሌላው ስሞቹን ከአሮጌው መዝገብና ከሽማግሌዎቹ ቃል ጋር ያመሳክር፤ ማሽኑ ትክክል ነው ያለው ስም ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነውና። ሥራው ሲያልቅ ያለ ድራይቨር የሚነበበው ቅጂና የታተመው ወረቀት በጸሐፊው እጅ ይግባ፤ ያን ጊዜ የነገው የማሽን ለውጥ እንደ ዛሬው አያስደነግጣቸውም።

ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጽሑፍ እናቀርባለን፤ የሚደግፈውም የሚቃወመውም መጥቶ ይናገር። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ቀላል ነገር ከእያንዳንዱ አንባቢ እንጠይቃለን። በማንኛውም መስኮት ፊት ቆመው «ሲስተም የለም» ሲባሉ በትሕትና፣ ያለ ቍጣ፣ «የትኛው?» ይበሉ። መብራቱ ነው? ኔትወርኩ ነው? ፕሮግራሙ ነው? ወይስ አስተርጓሚው በሌላው ችሎት ተቀምጦ ነው? መልስ ባያገኙ እንኳ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ጥያቄው መኖሩን ያውቃል፤ ከኋላዎ የተሰለፈውም ሰው ይሰማል። በማግሥቱ እርሱም ይጠይቃል።